የጂም ቤቱ ብልቃጥ፦ ስለ ክሬቲን የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዛሬው ዝግጅት የመለሱልን ለገጣፎ ውስጥ መድኃኒት ቤት ያላቸው ፋርማሲስት ናቸው።

ከሰበታ፦ ክሬቲን ሆርሞን ነው?
አይደለም፤ ሰውነት ራሱ የሚሠራው፣ ለጡንቻ ጉልበት የሚያግዝ ንጥረ ነገር ነው።

ከሱሉልታ፣ ሯጭ ነኝ፦ በጾም ወቅት ጉልበቴ ይከዳኛል። ክሬቲን ልጀምር?
ክሬቲን በምግብ የሚገኘው ከሥጋና ከዓሣ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ሽሮ የሚበላ ሰው ባዶውን አይቀርም፤ ኩላሊት መነሻውን ያዘጋጃል፣ ጉበት ጋምት በሚባል ኢንዛይም ይጨርሰዋል። በጂም የሚወሰደው የክሬቲን ዱቄት ለክብደት አንሺ እንጂ ለረጅም ርቀት ሯጭ እምብዛም አይጠቅምም፤ ውኃ ይይዝና ክብደት ይጨምርብሃል። ድካሙ ከቀጠለ የደም ማነስ እንዳይሆን ተመርመር።

ከቡራዩ፦ ጓደኛዬ «የሰው ጋምት» የተጻፈበት ብልቃጥ ከውጭ አስመጥቷል። በመርፌ ብወስደው ሰውነቴ ብዙ ክሬቲን አይሠራም?
ልጄ፣ ብልቃጡን አስቀምጥና ስማኝ። «የሰው» የሚለው ቃል አታሎሃል። የሰው ዘረመል ገብቶለት አብዛኛውን ጊዜ ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ የሚያመርተው ፕሮቲን ነው፤ ተመራማሪዎች በመሞከሪያ ቱቦ ይፈትኑበታል። «ለምርምር ብቻ» የሚለውን አይተኸዋል? ጽሑፉን አንብቡ እያልኩ ድምፄ ሊዘጋ ነው! ለመርፌ የሚሆን ንጽሕና የለውም። የባክቴሪያው ቅሪት ኃይለኛ ትኩሳት ሊያስነሣ፣ የደም ግፊትህን ሊጥል ይችላል፤ አለርጂውም አለ። ጥቅሙስ? ጋምት የሚሠራው ሕዋስ ውስጥ ነው። በደም ውስጥ ሲንሳፈፍ መዋል ወጥ ሠሪዋን ከአጥር ውጭ አቁሞ ድስቱ እንዲፈላ እንደመጠበቅ ነው። ደግሞ ክሬቲን የሚመረትበትን ፍጥነት የሚወስነው ኩላሊት ውስጥ የሚሠራው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ጋምት ለአንተ አልጎደለህም። በተፈጥሮ የሚጎድላቸው ልጆች አሉ፤ ሕመሙ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው፤ ንግግር ያዘገያል፣ የሚጥል በሽታ ያመጣል። ለእነሱ እንኳ የሚሰጠው በአፍ የሚወሰድ ክሬቲን፣ ኦርኒቲን የተባለ አሚኖ አሲድና የምግብ ቁጥጥር ነው። አንድ መርፌ ለሦስት የሚጋሩትንማ ተዉኝ! ሲሪንጅ ሊገዙ ሲመጡ ዓይናቸውን ከመሬት አያነሡም። ኤች አይ ቪም የጉበት ቫይረስም የሚሻገረው በዚያች መርፌ ነው። ተወግተህ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂድ፣ ብልቃጡንም ይዘህ።

ከገላን፦ በአፍ ቢዋጥስ?
እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ይፈጫል። ከክትፎ በላይ የሚያስከፍል ሥጋ በላህ ማለት ነው።

ከኮዬ ፈጬ፣ እናት ነኝ፦ ልጄ ዱቄቱን ይወስዳል፤ በምርመራ ክሬቲኒኑ ከፍ ብሏል። ኩላሊቱ ታመመ?
አይደንግጡ፣ እናቴ። ክሬቲኒን የክሬቲን ቅሪት ነው፤ ዱቄቱን በሚወስድ፣ ጡንቻው በዳበረ ሰው ላይ ያለ ሕመምም ከፍ ይላል። ግን ይህን በስልክ መለየት አይቻልም። ዱቄቱን ከነዕቃው ይዞ ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ እንደሚወስድም አይደብቅ። በፌስታል ተቀድቶ የተሸጠለት፣ ጽሑፍ የሌለው ከሆነ ግን ዛሬ ይጣለው።