ከመደርደሪያ ላይ ዓይን የሚይዝ ሽፋን፦ የቀድሞ ልዕለ ጀግኖች ኮሚክ መጻሕፍት በደረጃ

ሐና፦ አድማጮቻችን፣ ጤና ይስጥልን። በዛሬው ውይይታችን ከ1938 እስከ 1970 ድረስ በአሜሪካ ከታተሙ የልዕለ ጀግና ኮሚክ መጻሕፍት መካከል ሽፋናቸውን አብልጠን የምንወዳቸውን አምስቱን መርጠን ከአምስተኛው ወደ አንደኛው በደረጃ እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዮናስ፣ በቅድሚያ መመዘኛችንን ብታስረዳልን መልካም ነው።

ዮናስ፦ መመዘኛችን ሽፋኑ በተሠራበት ዘመን የተሰጠውን ሥራ ምን ያህል በብቃት ተወጥቷል የሚል ነው። በዚያን ጊዜ ኮሚክ መጽሐፍ በጋዜጣ መሸጫ ሱቆች መደርደሪያ ላይ ከብዙ መጽሔቶች ጋር ተደራርቦ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ይሸጥ ነበር፤ ሳይሸጥ የቀረው ቅጂ ለአሳታሚው ተመላሽ ስለሚሆንም ኪሳራው የአሳታሚው ነበር። ስለዚህ አንድን ልጅ ከመንገዱ ገታ አድርጎ እጁን ወደ ኪሱ እንዲሰድ የሚያደርገው ሽፋኑ ብቻ ነበር። ዲሲ ኮሚክስ በተባለው አሳታሚ ድርጅት ያገለገለው አዘጋጅ ጁልየስ ሽዋርትዝ ብዙ ጊዜ የሽፋኑን ሥዕል አስቀድሞ ያሠራና ደራሲው ከሥዕሉ ተነሥቶ ታሪኩን እንዲጽፍ ያደርግ እንደነበር ስናስታውስ፣ ለሽፋን ምን ያህል ክብደት ይሰጥ እንደነበር እንረዳለን።

ሐና፦ እኔ አንድ ነገር ልጨምርበት። የጨረታ ዋጋ በምርጫችን ውስጥ ቦታ የለውም። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 በ2024 በ6 ሚሊዮን ዶላር መሸጡ እውነት ነው፤ ዋጋው ግን የሚናገረው ስለ ቅጂው ብርቅነትና ስለ ሰብሳቢዎች አቅም እንጂ ስለ ሥዕሉ አይደለም።

ዮናስ፦ በዚህ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። እንግዲህ ከአምስተኛው እንጀምር። እኔ በመስከረም 1939 የታተመውን ዲቴክቲቭ ኮሚክስ ቁጥር 31 መርጫለሁ። ብዙ ሰው ባትማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበትን ቁጥር 27 ያስቀድማል፤ በቅንብር ግን ቁጥር 31 ይበልጣል። ቦብ ኬን ባትማንን ከግንቡ በላይ እንደሚነሣ ግዙፍ ጥላ አድርጎ ሲሥለው፣ ሰውዬው በእርግጥ በዚያ ቦታ አለ ወይስ የሚፈሩት ሰዎች በሐሳባቸው የፈጠሩት ነው የሚለው ሳይለይ ይቀራል። ኒል አዳምስም በ1970 መጨረሻ በወጣው ባትማን ቁጥር 227 ላይ ይህንኑ ቅንብር እንደገና ሥሎታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆይቶ ሌላ ታላቅ ሠዓሊ ሊመለስበት የፈለገ ቅንብር በዝርዝራችን ውስጥ ቦታ ይገባዋል።

ሐና፦ በአራተኛነት የተስማማንበት በነሐሴ 1962 የታተመው አሜዚንግ ፋንታሲ ቁጥር 15 ነው። ስፓይደርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚህ፣ ሊዘጋ በነበረ መጽሔት የመጨረሻ ቁጥር ላይ ነው። የገጸ ባሕርዩን መልክና ልብስ የፈጠረው ስቲቭ ዲትኮ የመጀመሪያውን ሽፋን ሥሎ ነበር፤ አዘጋጁ ስታን ሊ ግን ሳይቀበለው ቀርቶ ሽፋኑን ሌላው ሠዓሊ ጃክ ከርቢ በእርሳስ እንዲነድፈው፣ ዲትኮም በቀለም እንዲያጠናቅቀው አደረገ። ከርቢ የሣለው ጀግና አንድ ሰው በብብቱ ይዞ በድሩ እየተንሸራተተ በቀጥታ ወደ እኛ የሚመጣ ይመስላል፤ ጥንካሬውና ፍጥነቱ ያለ ምንም ማብራሪያ ይታያሉ።

ዮናስ፦ ከዚህ ከፍ ያላደረግሁትም በንግግር ፊኛዎቹ ምክንያት ነው። ጀግናው አየር ላይ ተንጠልጥሎ፣ ዓለም በዓይን አፋሩ ፒተር ፓርከር ቢሳለቅም በስፓይደርማን ኃይል ግን መደነቋ እንደማይቀር በረጅም ዓረፍተ ነገር ይናገራል። ሥዕሉ የተናገረውን ጽሑፉ ደግሞ ሲናገረው ሥዕሉ ይዳከማል። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሐምሌ 1967፣ ጆን ሮሚታ ለአሜዚንግ ስፓይደርማን ቁጥር 50 የሠራው ሽፋን በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

ሐና፦ ስለ ፊኛዎቹ ያልኸው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ፍርዱ ትንሽ ከበደብኝ። በ1962 ይህንን ስም የሰማ ሰው አልነበረም። ጀግናው በትምህርት ቤት የሚሾፍበት ልጅ መሆኑን ደግሞ ሥዕል ብቻውን ሊያሳይ አይችልም ነበር። የስፓይደርማን አዲስነት ያለው በዚያ በተናቀው ልጅ ውስጥ በመሆኑ፣ ጽሑፉ በዚህ ሽፋን ላይ እውነተኛ ሥራ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ዮናስ፦ እሺ፣ አራተኛነቱ ይጽና። ሦስተኛው ሽዋርትዝ ያዘጋጀው፣ በመስከረም 1961 የታተመው ፍላሽ ቁጥር 123 ነው፤ በዚህ ላይ የምለው ብዙ አለኝ። ካርማይን ኢንፋንቲኖ በእርሳስ፣ መርፊ አንደርሰን በቀለም ሠርተውታል። በሽፋኑ መካከል ግንብ ቆሟል፤ በግንቡ በአንዱ ወገን በ1940 የተፈጠረው የቀድሞው ፍላሽ ጄይ ጋሪክ፣ በሌላው ወገን በ1956 የተፈጠረው አዲሱ ፍላሽ ባሪ አለን ይሮጣሉ። ፊት ለፊት ብረት ሊወድቅበት ያለ ሰው ፍላሽን እየተጣራ ይማፀናል፤ ሁለቱም የተጠሩት እነርሱ እንደሆኑ አምነው ይፈጥናሉ። ከግንቡ ማዶ ሌላ ፍላሽ መኖሩን ሁለቱም አያውቁም፤ የሚያውቀው ሽፋኑን የያዘው አንባቢ ብቻ ነው።

ሐና፦ የዚህ ሽፋን ትልቁ ጥበብ አንባቢውን ከገጸ ባሕርያቱ የበለጠ ዐዋቂ ማድረጉ ነው። አንድ ልጅ ይህንን ካየ በኋላ መጽሐፉን ሳይገዛ ወደ ቤቱ መመለስ ይከብደዋል፤ ሁለቱ ሲገናኙ ምን እንደሚባባሉ የሚነግረው ውስጡ ነውና።

ዮናስ፦ ግንቡንም ልብ በይ። ሠዓሊው ሁለቱን ዓለማት ለመለየት ደመናም ጨረርም አላስፈለገውም፤ ተራ የጡብ ግንብ በቂ ሆኗል። ከዚህ ሽፋን በኋላ ዲሲ ኮሚክስ የቀድሞዎቹን ጀግኖች በሌላ ምድር ላይ እንደሚኖሩ አድርጎ መልሶ አመጣቸው፤ ዛሬ በፊልሞች ውስጥ የምናየው የብዙ ዓለማት ታሪክ አንዱ ትልቅ ምንጭም ይኸው ነው። ኢንፋንቲኖ በ1960ዎቹ መገባደጃ ላይ የዲሲን ሽፋኖች ንድፍ እንዲመራ መመረጡ፣ በኋላም የድርጅቱ አሳታሚ እስከ መሆን መድረሱ አይገርምም።

ሐና፦ አሁን የማንስማማበት ቦታ ላይ ደረስን። የቀሩት ካፒቴን አሜሪካ ኮሚክስ ቁጥር 1 እና አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 ናቸው። እኔ ካፒቴን አሜሪካን አንደኛ አደርጋለሁ። በሽፋኑ ላይ የታተመው ወር መጋቢት 1941 ይሁን እንጂ መጽሔቱ ለገበያ የቀረበው በታኅሣሥ 1940 ነበር፤ አሜሪካ በፐርል ሃርበር ጥቃት ምክንያት ወደ ጦርነቱ ከመግባቷ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ማለት ነው። በዚያ ወቅት ብዙ አሜሪካውያን የአውሮፓ ጦርነት እንደማይመለከታቸው ያምኑ ነበር፤ በየካቲት 1939 ደግሞ የናዚ ደጋፊዎች በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን 20,000 ያህል ሰው የተገኘበት ስብሰባ አካሂደው ነበር። ጆ ሳይመንና ጃክ ከርቢ የተባሉ ሁለት ወጣት አይሁዳውያን በዚያችው ከተማ ተቀምጠው የአሜሪካን ባንዲራ የለበሰ ጀግና የሂትለርን መንጋጋ በቡጢ ሲመታ ሣሉ።

ዮናስ፦ የሥዕሉ ዝርዝርም አስደናቂ ነው። የናዚ ወታደሮች ከየአቅጣጫው ይተኩሳሉ፣ አንዱ ጥይት በጋሻው ተመልሶ ይነጥራል፣ ሂትለር ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ወለሉ ላይ አሜሪካን ለማጥቃት የተዘጋጀ ዕቅድ ተበትኗል። ከርቢ ሰውነትን ሲሥል ኃይሉ ከእግር ተነሥቶ በወገብ አልፎ በክንድ ሲወጣ ይታያል፤ ቡጢው ያረፈባት ቅጽበት የምትሰማ ይመስላል።

ሐና፦ ይህ ሥዕል ያለ ዋጋ አልታተመም። የዛቻ ደብዳቤዎችና ስልኮች መጉረፍ ጀመሩ፤ የኒው ዮርክ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ራሳቸው ለሳይመን ደውለው ከተማዋ ጥበቃ እንደምታደርግላቸው ነገሩት። ከርቢ ቆይቶ ወደ ጦር ሠራዊት ገብቶ በጄኔራል ፓተን ሦስተኛ ጦር ሥር በእግረኛ ወታደርነት በአውሮፓ ተዋግቷል። መጽሔቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ቅጂ ተሽጧል። ገዢን ለመሳብ ደፋር ሥዕል መሣል አንድ ነገር ነው፤ በሥዕሉ ምክንያት ሠዓሊው የሚሠራበት ቢሮ ድረስ አደጋ ሊመጣ እንደሚችል ተረድቶ በአቋም መጽናት ግን ሌላ ነው። እኔ ይህንን ከሥዕሉ ዋጋ ልለየው አልችልም።

ዮናስ፦ ድፍረታቸውን ከልብ አከብራለሁ፤ ነገር ግን የሽፋኑ ኃይል ትልቁ ክፍል የሚመጣው የተመታው ሰው ሂትለር በመሆኑ ነው። አክሽን ኮሚክስ ቁጥር 1 እንዲህ ያለ ድጋፍ አልነበረውም። ሰኔ 1938 የሚል ቀን የታተመበት ይህ ሽፋን፣ የክሊቭላንዱ ወጣት ጆ ሹስተር የሣለው፣ ሰማያዊ ልብስና ቀይ ካባ የለበሰ ሰው አረንጓዴ መኪና ከራሱ በላይ አንሥቶ ከዓለት ጋር ሲያላትመው ያሳያል። የመኪናው ስብርባሪ ይበተናል፤ በፊት ለፊት በግራ በኩል አንድ ሰው ራሱን በእጆቹ ይዞ ከሽፋኑ ሊወጣ እየሮጠ ነው። ከመጽሔቱ ስም በቀር ስለ ጀግናው የተጻፈ ቃል የለም፤ ሱፐርማን የሚለው ስም እንኳ አልተጠቀሰም።

ሐና፦ ስለዚህ ተመልካቹ ሰውዬው ጀግና ይሁን ወንበዴ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ዮናስ፦ ነጥቤ ይኸው ነው። ውስጡን የገለጠ አንባቢ የመኪናው ሰዎች ጋዜጠኛዋን ሎይስ ሌንን የጠለፉ ወንጀለኞች መሆናቸውን ይረዳል፤ ሽፋኑን ብቻ ያየ ግን የሚሸሹ ሰዎችን ፍርሃትና የአንድን ሰው ለማመን የሚያስቸግር ጉልበት ብቻ ያያል። ቀለሙም ጥያቄውን ያጎላዋል፤ ከመኪናው በስተ ጀርባ ያለው ደማቅ ቢጫ ሰውዬውን ወደ ፊት ይገፋዋል። በዘመኑ የማተሚያ ቴክኒክ ንጹሕና ደማቅ ቀለም መምረጥ ብልህነት ነበር፤ በ1962 ኸልክ የተባለው ግዙፍ ገጸ ባሕርይ በመጀመሪያው ቁጥር ግራጫ ሆኖ ወጥቶ፣ ግራጫው ከገጽ ገጽ እየተለዋወጠ ስላስቸገረ በሁለተኛው ቁጥር አረንጓዴ እንዲሆን መደረጉን ማስታወስ ይበቃል።

ሐና፦ ነገር ግን መመዘኛችን ሽፋኑ በዘመኑ ገዢ ፊት የሠራው ሥራ ነው ብለሃል። በ1940 ሂትለርን የማያውቅ ልጅ አልነበረም፤ ሳይመንና ከርቢ የዘመናቸውን ገዢ በትክክል አውቀው ሣሉለት። ታሪኩን የሚያውቅ ተመልካች መጠቀማቸው እንደ ድክመት ሊቆጠርባቸው አይገባም።

ዮናስ፦ በዚያው መመዘኛ ልመልስልሽ። አሳታሚው ሃሪ ዶነንፌልድ መኪና የሚያነሣውን ሰው ሲያይ ማንም የማያምነው ነገር ነው ብሎ ተጠራጥሮ ነበር፤ ከቁጥር 2 እስከ ቁጥር 6 ባሉት ሽፋኖች ላይም ሱፐርማን አልታየም። ልጆቹ ግን ሱፐርማን ያለበትን መጽሔት እየጠየቁ መግዛታቸውን ስለ ቀጠሉ በቁጥር 7 ወደ ሽፋኑ ተመለሰ። ማንም የማያውቀውን ሰው፣ ስሙ እንኳ ሳይጻፍ፣ ባለቤቱ ሳያምንበት በገዢው ዘንድ ተፈላጊ ያደረገ ሽፋን ይህ ብቻ ነው። የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ሹስተር ግን የሱፐርማንን መብት በ130 ዶላር ሸጠው ስለ ነበር፣ ከዚያ ሁሉ ገበያ የደረሳቸው እጅግ ጥቂት መሆኑ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ሐና፦ ጥያቄን በመፍጠር ረገድ አክሽን ኮሚክስ እንደሚበልጥ እቀበላለሁ፤ አንደኛነቱን ግን ከሁለቱ ወጣቶች ቡጢ አልነሣም። ስለዚህ በእኔ ዝርዝር ካፒቴን አሜሪካ፣ በአንተ ዝርዝር ሱፐርማን አንደኛ ሆነው ይቆዩ። በሚቀጥለው ክፍል ከ1970 በኋላ ወደ ታተሙት እንሻገራለን፤ የምንጀምረውም በ1975 ከወጣው ጃይንት ሳይዝ ኤክስ ሜን ቁጥር 1፣ አዲሶቹ ጀግኖች የቀድሞዎቹን ሥዕል ቀድደው ከሚወጡበት ሽፋን ይሆናል።