ከወደቀበት ስናነሳው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራችሁ፣ ከጎንደር። ጉዳዬ አከርካሪ ነው። አንድ ጎልማሳ ከወደቀባት ደቂቃ ጀምሮ ሐኪም ቤት እስኪደርስ፣ ከዚያም ቤቱ ተመልሶ እስኪተኛ ድረስ በእኛ በሰዎቹ እጅ ምን እንደሚሆን ነው የማወራው።

በሀብታም አገሮች አሁን አሁን አከርካሪው የሚጎዳው ብዙ ጊዜ ቤቱ ውስጥ አዳልጦት የወደቀ አዛውንት ነው። በእኛና እኛን በሚመስሉ አገሮች ግን አብዛኛው ወጣት ወንድ ነው፤ ሥራ ላይ ያለ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር። ዋናዎቹ ምክንያቶች የመኪና አደጋና ከከፍታ መውደቅ ናቸው። ዙሪያችሁን ተመልከቱ፦ የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ የቆመ ግንበኛ፣ ክረምት ሳይገባ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ የሚመታ፣ ቅርንጫፍ ሊቆርጥ ዛፍ ላይ የወጣ፣ ጉድጓድ ሲቆፍር አፈር የተናደበት፣ አይሱዙ ላይ ከጭነቱ በላይ ተቀምጦ የሚጓዝ። የጥይት ጉዳት ጠባዩ ሌላ ስለሆነ ዛሬ አልገባበትም።

አወዳደቁ የሚሰበረውን ቦታ ይወስናል። ከላይ ስንቆጥር 7 የአንገት፣ 12 የደረት፣ 5 የወገብ አንጓዎች አሉ፤ ከዚያ በታች ያሉት የተጋጠሙ ናቸው። የደረት አንጓዎች ከጎድን አጥንት ጋር ስለታሰሩ ብዙም አይንቀሳቀሱም፤ የወገቦቹ ግን ይታጠፋሉ። ግትሩና ተጣጣፊው የሚገናኙት 12ኛው የደረት አንጓና 1ኛው የወገብ አንጓ ጋ ነው፤ የመውደቁ ጉልበት ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል። በእግሩ ወይም በመቀመጫው ያረፈ ሰው አንጓው እዚያ ይደቅና ስብርባሪው ወደ ኋላ ተገፍቶ በአከርካሪው ውስጥ የሚያልፈውን የነርቭ ገመድ፣ ህብለ ሰረሰሩን፣ ይጫናል። ለዚህ ነው ከከፍታ ወድቆ ተረከዙን የሰበረ ሰው ሁሉ ወገቡም ይታይ የምለው። ተረከዛቸውን ከሰበሩ 10 ሰዎች አንዱ ገደማ አከርካሪውም ተሰብሮ ይገኛል። የእግሩ ሕመም የወገቡን ሸፍኖት ራሱ ላይነግራችሁ ይችላል።

አንገት የሚሰበረው ደግሞ መኪና ሲገለበጥና ሰው በጭንቅላቱ ሲያርፍ ነው። ጎንደር ላይ ይህን ስናገር ጥምቀት ትዝ ይለኛል። ውኃው ከተባረከ በኋላ ወጣቱ ከዛፍና ከግንብ ላይ ወደ ፋሲል መዋኛ ይዘላል። በእግር መዝለልና በጭንቅላት መዝለል አንድ አይደሉም። በጭንቅላቱ የገባ ሰው የገንዳው ወለል ወይም ከሥር ያለ ሌላ ሰው ካገኘው አንገቱ ይሰበራል፤ እጅና እግር አብረው ሽባ ይሆናሉ። ከ3ኛ እስከ 5ኛ ያሉት የአንገት ነርቮች መተንፈሻውን ዲያፍራም ስለሚያዝዙ፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ትንፋሹም ይቆማል። በ2012 ዓ.ም. ጥምቀት እዚያው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል። ሰው የሚወጣበት ማንኛውም የእንጨት ማማ በእኔ ዓይን የአከርካሪ ጉዳይ ነው።

እንግዲህ ሰውየው ወድቋል። እኛ ደጎች ነን፤ ጩኸት ሰምቶ የማይሮጥ የለም። የሚያሳዝነኝ ግን አነሳሳችን ነው። አንዱ በብብቱ፣ አንዱ በእግሩ ይይዙትና ወገቡን አጥፈው ባጃጅ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። የተሰበረው አንጓ የሚታጠፈው በትክክል እዚያው ላይ ነው። ሲወድቅ ጣቱን ያንቀሳቅስ የነበረ ሰው ሐኪም ቤት ሲደርስ የማያንቀሳቅስ የሚሆንበት መንገድ አለ፤ መንገዱም ይህ ነው። «እስኪ ተነሳ፣ ሞክር» ማለትም ያው ነው። ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸትና ማስጎተትም እንደዚሁ።

ታዲያ ምን ይደረግ? እሳት ወይም የሚናድ ነገር ከሌለ አታንቀሳቅሱት። አንድ ሰው ከጭንቅላቱ በኩል ይንበርከክ፤ ክርኖቹን መሬት ላይ አስደግፎ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ግራና ቀኝ ይያዝ፤ አንገቱን ግን አይጎትት። ሌላው ይጠይቀው፦ የእግርህን ጣት አንቀሳቅስ፣ ይህ ይሰማሃል? መልሱንና ሰዓቱን ያዙ፤ ሐኪሙ ይፈልገዋል። 907 ደውሉ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው።

አምቡላንስ የማይደርስ ከሆነ ቃሬዛ ይሠራል፤ ከማጠፊያው የተነቀለ በር ወይም ሰፊ ጣውላ ይበቃል። 5 ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጭንቅላቱን ይይዛል፣ አዛዡም እሱ ነው። ሦስቱ በአንድ ጎን ይንበረከካሉ፦ አንዱ ትከሻና ደረት፣ አንዱ ዳሌ፣ አንዱ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት። አዛዡ «1፣ 2፣ 3» ሲል እንደ አንድ ግንድ ያዞሩታል፤ አፍንጫው፣ እምብርቱና የእግሩ ጣቶች አንድ መስመር ይጠብቃሉ። 5ኛው ጣውላውን ከጀርባው ያስጠጋል፤ በቁጥር መልሰው ያስተኙታል። ካስመለሰውም እንዲሁ አንድ ላይ ነው የሚዞረው። ከኪሱ ስልክ፣ ቁልፍና ሳንቲም አውጡ፤ የማይሰማውን ሥጋ በአንድ ጉዞ ያቆስሉታል። ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ በተጠቀለለ ነጠላ ደግፉ፣ ጋቢ አልብሱት፣ ውኃ አታጠጡት። ፒክአፕ ወይም የአይሱዙ ጭነት ቦታ ከባጃጅ በእጅጉ ይሻላል፤ ሙሉ ሰውነቱ ተዘርግቶ ይተኛልና። ሲደርስ ከጣውላው ቶሎ ይውረድ። ጣውላ ማጓጓዣ እንጂ መኝታ አይደለም፤ በ2 ሰዓት ውስጥ የመቀመጫው ቆዳ መጎዳት ሊጀምር ይችላል።

ስለ ሐኪም ቤቱ አጭር ልሁን። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ «ኦፕራሲዮን ከተደረገ ይሄዳል» ብሎ ያምናል። ቀዶ ሕክምና ጫናውን ያነሳል፣ አንጓውን በብሎንና በዘንግ ያስራል፤ የተቆረጠ ህብለ ሰረሰር ግን አይቀጥልም። ሐኪሙን ጠይቁ፦ ጉዳቱ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል? በፊንጢጣ ዙሪያ ስሜት ከቀረ ከፊል ነው፤ ተስፋው ይሰፋል።

አሁን ወደ ቤት። ብዙ ሰው የምናጣው ከጉዳቱ በኋላ ነው፤ በመኝታ ቁስልና በሽንት ኢንፌክሽን። ሁለቱም ደግሞ መከላከል የሚቻሉ ናቸው። በየ2 ሰዓቱ ይገላበጥ፦ በጀርባ፣ በቀኝ፣ በግራ። ሙሉ በሙሉ በጎኑ አታስተኙት፤ ጀርባውን በትራስ ደግፋችሁ በትንሹ ብቻ ይጋደል። በጉልበቶቹ መሀል ትራስ፣ ከባቱ ሥር ደግሞ ሌላ ትራስ አድርጉ፤ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ። ክብ ቀለበት ትራስ አትግዙ፤ በዙሪያው ያለውን ደም ያግዳል። በቀን ሁለት ጊዜ መቀመጫውን፣ ዳሌውንና ተረከዙን እዩ፤ የቀላ ቦታ በጣት ሲጫኑት ካልነጣ፣ በዚያ ጎን መተኛት ዛሬውኑ ይቁም። የጎንደር ብርድ ከሰል ያስፈልገዋል፣ ይገባኛል፤ ማንደጃውን ግን ከእግሩ አርቁ፤ ሲቃጠል አይሰማውም። ጠበል ሲሄድም ቀጥ ብሎ ተኝቶ ይሂድ፤ ድንጋይ ላይ ለሰዓታት አይቀመጥ። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲሆን በየ15 እስከ 30 ደቂቃ በእጁ ተደግፎ ራሱን ያንሳ ወይም ወደ ፊት ያጎንብስ።

ራሱ መሽናት ካልቻለ ሽንቱ በንጹሕ ቱቦ በየ4 እስከ 6 ሰዓት ይውጣ፤ በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ሊትር ካለፈ የሰዓቱን ልዩነት አጥብቡ። እጅ በሳሙና ይታጠብ። ጉዳቱ 6ኛው የደረት አንጓ ላይ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና ድንገት ራሱን ፈልጦት ፊቱ ከቀላና ካላበው፣ ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ ቱቦው መታጠፉን፣ ፊኛው መሙላቱን፣ ሰገራ መድረቁን ፈልጉ። የደም ግፊቱ እየናረ ነው፤ ምክንያቱ ካልተገኘ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ነው።

ከሁሉም የሚከብደው የሌሊቱ ነው። አንዲት እናት ወይም አንዲት ሚስት ብቻዋን ሌሊቱን በየ2 ሰዓቱ ልትነሳ አትችልም፤ ሳምንት ሳይሞላ ትወድቃለች። ሰንጠረዡን ግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ወንድም፣ ከ8 እስከ 12 እህት። ጎረቤት «ምን ላግዝ?» ሲል ደግሞ እንጀራ አታስመጡት፤ የ10 ሰዓቱን መገላበጥ ስጡት።