ጎማው የሚያውቀው ሞላ

የተከበራችሁ መካኒኮች፣ አሽከርካሪዎች፣ መኪናችሁን በገዛ እጃችሁ የምትሠሩ ወዳጆቼ፤ እንደምን ዋላችሁ።

ዛሬ የምናገረው በአፈር ትራክ ላይ ለሚሽቀዳደም መኪና ሞላ ስለ መምረጥ ነው። በዚህ ጉዳይ ላይ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «በቀኝ ፊት ስንት ቁጥር ሞላ ልግጠም?» ይሉኛል። ቁጥሩን ሰምተው መሄድ ይፈልጋሉ። እኔ ግን ቁጥር አልሰጥም። እውቀት የደበቅሁ የሚመስለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ያሳዝነኛልም። ምክንያቴ ሌላ ነው። በሞላው ላይ የታተመው ቁጥር አንድ ነገር ነው፣ ጎማው የሚያገኘው ቁጥር ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የእኔን መኪና ቁጥር ወስዳችሁ በእናንተ መኪና ላይ ብትገጥሙት ያገኛችሁት የእኔን ሞላ አይደለም።

ከመነሻው ልጀምር። 500 ተብሎ የታተመ ሞላ አንድ ኢንች ለመታመቅ 500 ፓውንድ ይፈልጋል፤ ሁለት ኢንች ለመታመቅ 1,000 ፓውንድ። በኪሎ ለምታስቡ ሰዎች፣ አንድ ኪሎ በሚሊ ሜትር ወደ 56 ፓውንድ በኢንች ይጠጋል። ይህ የሞላው ግትርነት ነው። ሽቦው ጥቂት ሲወፍር ግትርነቱ በእጅጉ ይጨምራል፤ ምክንያቱም በስሌቱ ውስጥ የሽቦው ውፍረት አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል። ስለዚህ በዓይን ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት ሞላዎች ግትርነታቸው በጣም ሊለያይ ይችላል።

ሞላው ግን የተቀመጠው ጎማው ላይ አይደለም። ጎማውን ከሻንሲው ጋር በሚያያይዘው ክንድ ላይ፣ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው። ጎማው አንድ ኢንች ሲነሳ ሞላው ምናልባት 0.6 ኢንች ብቻ ይታመቃል። እንግዲህ ጎማው የሚያገኘው ግትርነት ስንት ነው? ብዙ ሰው 500ን በ0.6 አባዝቶ 300 ይላል። ልክ አይደለም። ሁለት ጊዜ ነው የሚባዛው፦ 500 በ0.6፣ ውጤቱ እንደገና በ0.6፤ 180 ይሆናል። ለምን ሁለት ጊዜ? መጀመሪያ፣ ሞላው የታመቀው በጥቂቱ ስለሆነ መልሶ የሚገፋው በጥቂቱ ነው። ከዚያ ደግሞ ያ ግፊት በክንዱ በኩል ጎማው ዘንድ እስኪደርስ እንደገና ይቀንሳል። የሌላው ሰው መኪና ሞላውን ወደ ጎማው አስጠግቶ ሠርቶት 0.8 ቢሆን፣ ያው 500 የታተመበት ሞላ ለጎማው 320 ይሰጠዋል። አንድ ሞላ፣ ሁለት መኪና፣ 180 እና 320። ቁጥር ተዋውሶ መግጠም የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞላውን አውጡት፤ ሞላው በዙሪያው የሚቀመጥበትን ሾክ አብዞርበር ግን በቦታው ተዉት። ሻንሲውን ውድድር ላይ በሚኖረው ከፍታ አደላድላችሁ በድጋፍ ላይ አስቀምጡት። ከጎማው ሥር ክሪክ አግቡና ጎማውን በ10 በ10 ሚሊ ሜትር እያነሳችሁ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ የሾኩ ርዝመት ምን ያህል እንዳጠረ ጻፉ። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እጃችሁ በግሪስ እንደተነከረ የምትጽፉት ያ ወረቀት ከማንኛውም የሰው ምክር ይበልጣል። ስትለኩም መጠኑ ከታች እስከ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ እንደማይዘልቅ ታያላችሁ፤ ሾኩ እየተጋደመ ከሄደ ጎማው የሚያገኘው ግትርነት እየቀነሰ ይሄዳል።

የኋላው ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወጥ አክሰል ከሆነ ሌላም ነገር ተመልከቱ። ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ ሞላዎቹ የሚሰጡት ግትርነት እና መኪናው ወደ ጎን ሲያዘነብል የሚሰጡት ግትርነት አይመሳሰሉም። በጎማዎቹ መካከል 1.6 ሜትር፣ በሞላዎቹ መካከል ደግሞ 1 ሜትር ርቀት ቢኖር፣ ሁለቱ ጎማዎች አብረው ሲነሱ ከሚገኘው ግትርነት ማዘንበልን የሚከላከለው ከመቶ 39 እጁ ብቻ ነው። ኋላው እንደ አልጋ ሲወዛወዝ ግራ የሚጋባ ሰው መልሱን ብዙ ጊዜ እዚህ ያገኘዋል።

አሁን ወደ አፈሩ ልምጣ፤ የሥራችን ልብ እርሱ ነውና። አስፋልት ጠዋትም ማታም ያው አስፋልት ነው ማለት ይቻላል። አፈር ግን በአንድ ምሽት ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይለዋወጣል። ውሃ ጠጥቶ ሲጀምር ጎማ ይይዛል፣ ይከብዳል፣ ይቦረቦራል። ከዚያ ይደርቅና እንደ ተወለወለ ወለል ያብለጨልጫል። አንዳንዴ ደግሞ የጎማ ቅሪት ተቀብቶበት ጥቁር መስመር ያወጣና እንደ አስፋልት መያዝ ይጀምራል። ለመጀመሪያው ማጣሪያ የመረጣችሁት ሞላ ለመጨረሻው ውድድር የተመረጠ አይደለም።

ለምን እንደሆነ በስሌት ላሳያችሁ። 1,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና እንውሰድ፤ የስበት ማዕከሉ ከመሬት ግማሽ ሜትር፣ በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀት 1.6 ሜትር ይሁን። እርጥቡ አፈር መኪናውን ከክብደቱ ከመቶ 80 እጅ በሚሆን ኃይል ወደ ጎን ቢይዘው፣ ከውስጥ ጎማዎች ወደ ውጭ ጎማዎች የሚዛወረው ክብደት 250 ኪሎ ነው። አፈሩ ደርቆ ይህ ኃይል ወደ 50 እጅ ሲወርድ የሚዛወረው 156 ኪሎ ብቻ ይሆናል። ሞላው ግን ያው ሞላ ነው። 250 ኪሎ ሲጫንበት በደንብ ይታመቅ የነበረው፣ 156 ሲጫንበት ብዙም አይነቃነቅም። መኪናው ድርቅ ይላል፤ አሽከርካሪው መሪውን ቢያዞርም ምላሽ ያጣል። በደረቅና በሚያንሸራትት ትራክ ላይ ወደ ለስላሳ ሞላ የምንወርደው፣ በከባድና በተቦረቦረ ትራክ ላይ ወደ ግትሩ የምንወጣው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተሳሳተ እምነት ማረም ግዴታዬ ነው። «ለስላሳ ሞላ ብዙ ክብደት ያዛውራል» ሲባል ትሰማላችሁ። ከላይ በሠራሁት ስሌት ውስጥ ሞላ ፈጽሞ አልገባም፤ ክብደት፣ የስበት ማዕከል ከፍታ፣ የጎማዎቹ ርቀትና የጎን ኃይል ብቻ ናቸው። ለስላሳ ሞላ መኪናውን ይበልጥ ያዘነብለዋል፤ የሚዛወረውን ጠቅላላ ክብደት ግን ከቁም ነገር በሚገባ መጠን አይለውጠውም። ሞላ የሚወስነው ያ 250 ኪሎ ከፊትና ከኋላ እንዴት እንደሚከፋፈል ነው። ከሁለቱ ግትር የሆነው ጫፍ ብዙውን ይሸከማል። ጎማ ደግሞ ጭነት በበዛበት መጠን የመያዝ አቅሙ በዚያው ልክ አያድግም፤ እየሰነፈ ይሄዳል። ስለዚህ የፊቱን ስታገትሩ አፍንጫው አልታጠፍ ብሎ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የኋላውን ስታገትሩ ኋላው ይሸሻል። ይህን አንድ ነገር በሚገባ የያዘ ሰው ግማሹን መንገድ ሄዷል።

አሁን አንድ ስህተቴን ልንገራችሁ፤ ብዙ ዋጋ ስላስከፈለኝ ከእናንተ ልደብቀው አልፈልግም። በግራ በሚታጠፍ ትራክ ላይ መኪናችን መታጠፊያ መሃል ላይ ይገፋ ነበር። የቀኝ ፊቱን ሞላ አወጣሁና ለስላሳ ገጠምሁ። አሽከርካሪው ሁለት ዙር ሳይሞላ ኋላው ሸሽቶት ተሽከረከረ። «ይህ ሞላ ለዚህ መኪና አይሆንም» ብዬ ጻፍሁበት፤ ወደ መደርደሪያው መለስሁት፤ የውድድር ዘመኑ እስኪያልቅ አልነካሁትም። በኋላ መኪናውን አራት ሚዛን ላይ አቁሜ ያንኑ ለውጥ ስደግመው ነገሩ ተገለጠልኝ። ሞላው 900 ፓውንድ የተሸከመ ከሆነ፣ 450 ቁጥሩ ሁለት ኢንች ይታመቃል፤ 300 ቁጥሩ ሦስት። የመኪናውን ከፍታ የሚያስተካክለውን የሞላውን ቀለበት አዙሬ ያቺን አንድ ኢንች ሳልመልስ ነበር የለቀቅሁት። የቀኝ ፊቱ ሲወርድ ጭነት አጣ፤ በሰያፍ የሚጠብቀው የግራ ኋላም አብሮት አጣ፤ ያጡትን የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ ተቀበሉት። የለወጥሁት አንድ ነገር መስሎኝ ሁለት ነገር ለውጬ ነበር። ሁለቱም ኋላውን ወደሚያሸሽ አቅጣጫ ስለገፉ መኪናው ከሚፈለገው እጅግ አልፎ ሄደ። ጥፋቱ የቀለበቱ ሳለ ሞላውን ወነጀልሁት። ሞላ በለወጣችሁ ቁጥር ከፍታውን መልሱ፤ አራቱንም ጎማ መዝኑ፤ ከዚያ በፊት መኪናው ወደ ትራክ አይውጣ።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ፣ ምክሬ ከለስላሳው ጀምር ነው። ለስላሳ ሞላ ጎማውን ከመሬት ጋር ያቆየዋል፤ አሽከርካሪውም መኪናው የሚናገረውን ይሰማል። ወሰኑ ግን የታወቀ ነው። በሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን የጎማ ቀለበት አስገቡና ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ የት እንደተገፋ እዩ። ጫፍ ደርሶ ከሆነ፣ ወይም የሞላው ጥምዞች ተነካክተው ቀለሙ ከተፋቀ፣ ሞላችሁ በዚያች ቅጽበት ብረት ሆኗል ማለት ነው። ጎማው ያለ ማስጠንቀቂያ የሚለቀው ያኔ ነው። ያን ጊዜ አንድ እርምጃ ወደ ግትሩ ውጡ።

ሁለት ሞላ አንዱን በአንዱ ላይ የምትደርቡ ደግሞ ድምር አይሠራም። 200 እና 600 ሲደራረቡ 800 አይሆኑም፤ 150 ነው የሚሆኑት። ለስላሳው በማቆሚያው ሲታገድ ግን ከ150 በአንድ ጊዜ ወደ 600 ትዘላላችሁ። ያ ዝላይ መታጠፊያው ውስጥ የት ላይ እንደሚመጣ ካላወቃችሁ አትደርቡ። ሾክ አብዞርበሩም ሞላውን ይከተል፤ ግትር ሞላን መልሶ ለመያዝ የደከመ ሾክ መኪናውን እንደ ኳስ ያነጥረዋል።

የመጨረሻው ጉዳይ ራሱ የታተመው ቁጥር ነው። አትመኑት፤ ለኩት። የመጀመሪያውን ኢንች ተዉት፤ የጫፍ ጥምዞቹ እየተቀመጡ ስለሆነ ያሳስታል። አንድ ኢንች ታምቆ የሚያሳየውን ጭነት ጻፉ፤ ሁለት ኢንች ሲደርስ ደግሞ ጻፉ፤ ልዩነቱ የሞላው ትክክለኛ ቁጥር ነው። በዚያ ጠረጴዛ ላይ የሞላ መለኪያ አቁሜአለሁ፤ የቀለም ብዕርም አለ። ብዙዎቻችሁ ሞላዎቻችሁን ይዛችሁ እንደመጣችሁ አይቻለሁ። ተራ ያዙና አንድ በአንድ እንለካቸው፤ ያገኘነውንም ቁጥር በላያቸው ላይ እንጻፍበት።