ሙት ወቃሽ አያድርገኝ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ውድ የስክሪፕት ተማሪዎች፣

አዘጋጆቹ ስለ ሕይወት ታሪክ ፊልሞች እንድናገር ሲጋብዙኝ ምስጋና ጠብቀው ከነበረ ሰው ተሳስተዋል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ የምወቅሰው ሟቾቹን ሳይሆን በስማቸው የሚነግዱትን ነው። ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

«ፊልሙ ታሪክ አዛባ» የሚለው የተለመደ ክስ የኔ አይደለም። የሁለት ሰዓት ፊልም ወደ 120 ገጽ ስክሪፕት ነው፤ አንዱ ገጽ አንድ ደቂቃ ገደማ ይወጣዋል። 70 ዓመት ለኖረ ሰው ብታካፍሉት ለአንድ ዓመት ሁለት ገጽ እንኳ አይደርስም። ስለዚህ ሦስት ጓደኞችን አንድ ገጸ ባሕርይ ማድረግ፣ ማንም ያልሰማውን ምልልስ መጻፍ የሥራው ጠባይ ነው። የኔ ጠብ ከቀን ማዛወር ጋር ነው። ቀን ሲዛወር የድርጊቱ ምክንያት አብሮ ይገለበጣል፤ ያልበደለ ሰው በዳይ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ቦሄሚያን ራፕሶዲን (2018) እንበትነው። በፊልሙ የእንግሊዙ የሮክ ቡድን የኩዊን ድምፃዊ ፍሬዲ ሜርኩሪ ለብቻው አልበም ለመሥራት ይፈርማል፤ ባልደረቦቹ እንደ ከሃዲ ያዩታል፤ ቡድኑ ይለያያል። ቆይቶ ይቅርታ ይጠይቃል፤ በኤድስ መታመሙን ይነግራቸዋል፤ ታርቀው ጁላይ 1985 ላይቭ ኤይድ በተባለው የእርዳታ ኮንሰርት መድረክ ላይ ይወጣሉ። አዳራሹ ያለቅሳል።

አሁን ቀኖቹን ደርድሩ። ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር የግሉን አልበም ያወጣው በ1981 ነው። ሁለተኛውን በ1984 ደገመ። የሜርኩሪ አልበም የመጣው በ1985 ነው! ከሃዲ የግድ ካስፈለገ ወረፋው የከበሮ መቺው ነበር። ቡድኑም አልተበተነም፤ ከላይቭ ኤይድ ሁለት ወር በፊት፣ እስከ ሜይ ድረስ፣ ከአገር አገር እየዞረ ሲጫወት ነበር። ሕመሙስ? በሰፊው እንደሚታወቀው በምርመራ የተረጋገጠለት በ1987 ነው። የሰውዬውን የሞት ፍርድ ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ጎትተው የኮንሰርት ማጣፈጫ አደረጉት።

ይህ በስንፍና የሚመጣ ስሕተት እንዳይመስላችሁ። የሙዚቀኛ ፊልም ያለ ዘፈን አይሠራም። ዘፈኑን ለመጠቀም ባለመብቱን ማስፈቀድ ግድ ነው። ባለመብቱ አብዛኛውን ጊዜ የቀድሞ ባልደረባ ወይም ወራሽ ስለሆነ ስክሪፕቱን ያነባል፣ ያስቀንሳል፣ ያስጨምራል። በዚህኛው ፊልም ሥራ ውስጥም ከቡድኑ አባላት ሁለቱ ነበሩበት። ታዲያ ጥፋቱ ማን ላይ አረፈ? ስክሪፕቱን ማንበብ በማይችለው በሟቹ ላይ! ማጨብጨብ የፈለገ እዚህ ጋ ያጨብጭብ።

ጥፋተኛ ሲታጣ ደግሞ ይፈበረካል። ዘ ኢሚቴሽን ጌም (2014) የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት የፈታውን እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግን የሚያደናቅፍ ደረቅ አለቃ አስፈለገውና የምስጢር ፈቺዎቹን ኃላፊ ኮማንደር ዴኒስተንን አገኘ። እውነተኛው ዴኒስተን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳይጀመር ቱሪንግን ጨምሮ ምሁራኑን ከየዩኒቨርሲቲው ያስመለመለ ሰው ነው። ውለታው ይኼ ሆነ።

መላው አንድ ነው፤ ሰውየውን ከእትብቱ እስከ መቃብሩ አትከተሉት። ሊንከን (2012) ከአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሙሉ ዕድሜ የመጨረሻ ወራቱን፣ በተለይም የጃንዋሪ 1865ን የባርነት ማስወገጃ ድምፅ አሰጣጥ ስለያዘ ገጹ በቃው፤ ሰዎቹ ተቀምጠው ለመከራከር ጊዜ አገኙ። እሱም ቢሆን አመሉ አለቀቀውም። ልብ ለማንጠልጠል ሲል ሁለት የኮነቲከት ተወካዮች «አልደግፍም» ሲሉ ያሳያል፤ የዚያ ክፍለ ሀገር አራት ተወካዮች ግን በሙሉ ደግፈው ነበር። ተከፍቶ የሚነበብ የምክር ቤት መዝገብ ላይ ያለ ነገር እኮ ነው!

ስለ ሰው ሠራሽ አፍንጫና ስለ ኦስካር ብዙ አልልም። ተዋናዩ ባለታሪኩን መምሰሉ የሜካፕ ባለሙያው ሙያ ነው፤ ሽልማቱን አብረው ይካፈሉ።

የመጨረሻው ጽሑፍ ይቀረኛል። ሁለት ሰዓት ሲፈጥሩ ቆይተው ሊያልቅ ሲል የባለታሪኩን እውነተኛ ፎቶ ያመጣሉ፤ ከሥሩ ዓመተ ምሕረት ይጽፋሉ። ይህ የውል ማኅተም ነው፤ ተመልካቹ ከዚያ በፊት ያየውን ሁሉ በዚያች ፎቶ ያምናል። እናንተ ስትጽፉ ቀን ካዛወራችሁ እዚያው ፎቶው ሥር አስቀምጡት፦ «ሕመሙ የታወቀው ከኮንሰርቱ ሁለት ዓመት በኋላ ነው።» ለማንበብ አምስት ሰከንድ ይበቃል። ፕሮዲውሰሩ ጊዜ የለም ካላችሁ፣ የራሱ ስም ስንት ጊዜ እንደሚወጣ ቁጠሩለት።

አመሰግናለሁ።