ማሻሻያው የሚሰናከለው የት ላይ ነው?

ክቡራትና ክቡራን፣

የአሜሪካን መከላከያ ማሻሻል ለምን እንደሚከብድ ሲነሳ ወሬው ከበጀት ይጀምራል። እኔ ግን ከኢራን በረሃ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1980 በቴህራን የታገቱትን አሜሪካውያን ለማስለቀቅ 8 ሄሊኮፕተሮች ተነሡ። ሄሊኮፕተሮቹ የባሕር ኃይል፣ አብዛኞቹ አብራሪዎች የማሪን፣ የጭነት አውሮፕላኖቹ የአየር ኃይል፣ ኮማንዶዎቹ የምድር ጦር ነበሩ። ሙሉውን ዘመቻ ግን አንድም ቀን አብረው አልተለማመዱትም። በረሃው ላይ ለግዳጅ ብቁ ሆነው የተገኙት 5 ሄሊኮፕተሮች ብቻ ነበሩ፤ ቢያንስ 6 ያስፈልግ ስለነበር ዘመቻው ተሰረዘ። ሊመለሱ ሲሉ አንዱ ሄሊኮፕተር ከጭነት አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 5 የአየር ኃይልና 3 የማሪን አባላት ሞቱ።

ስምንት ሰው ሞቶ እንኳ ኃይሎቹ ተቀናጅተው እንዲሠሩ የሚያስገድድ ሕግ እስኪወጣ 6 ዓመት ፈጀ። እያንዳንዱ ኃይል በጀቱንና ሹመቱን አላስነካም ብሎ ነበር። የኤታማዦር ሹሞች ሊቀመንበር ጄኔራል ዴቪድ ጆንስ በ1982 ሥርዓቱ ይለወጥ ብለው ኮንግረስ ፊት ተናገሩ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩ ካስፐር ዋይንበርገርና የባሕር ኃይሉ አመራር ተቃወሙ። በ1986 የጎልድዋተር ኒኮልስ ሕግ ሴኔቱን 95 ለ0 አለፈ። ከሕጉ እጅግ የማደንቀው አንድ ድንጋጌ አለ፦ ከሌሎቹ ኃይሎች ጋር በጥምር ያላገለገለ መኮንን፣ በመርሕ ደረጃ፣ ጄኔራል አይሆንም። ሕጉ ስብከቱን ትቶ ሹመቱን ያዘ። መኮንኖች ይሸሹት የነበረውን የጥምር ምደባ ራሳቸው ይጠይቁት ጀመር።

የምርጫ ወረዳ ጉዳይ ከዚህም ይከብዳል። በ2012 የምድር ጦሩ የኤብራምስ ታንክ ሥራ ለጊዜው ይቁም ቢል፣ ኮንግረሱ ያልተጠየቀ ገንዘብ ጨምሮ አስቀጠለው። ፋብሪካው ላይማ፣ ኦሃዮ ነው። የተወካዮቹን ክርክር አልንቅም፤ የሠለጠነ በያጅ አንዴ ከተበተነ መልሶ ማሰባሰብ ቀላል አይደለም። ጦሩ ግን ገንዘቡን ለሌላ ነገር ይፈልገው ነበር።

የጦር ሰፈር መዝጋትም እንዲሁ ተቆልፎ ቆይቶ ነበር። ከ1988 ጀምሮ ግን ገለልተኛ ኮሚሽን የሚዘጉትን ሰፈሮች ዝርዝር ያቀርብ ነበር፤ ኮንግረሱ ወይ ሁሉንም ይቀበላል ወይ ሁሉንም ይጥላል፤ የራሴን ሰፈር አውጡልኝ ማለት አልነበረም። አምስት ዙር በዚህ መንገድ ተካሄደ፤ የመጨረሻው በ2005 ነው። ከዚያ በኋላ ፔንታጎን ደጋግሞ ቢጠይቅም ኮንግረሱ እምቢ ብሏል። ማሻሻያውን እንደግፋለን የሚሉ የኮንግረስ አባላት እንግዲህ ለስድስተኛው ዙር ድምፃቸውን ይስጡ፤ የወረዳቸው ሰፈር ዝርዝሩ ውስጥ ቢገባም።