ማሽኑ ጣትህን ሲወስድ፦ «ጥፋቱ የኔ ነው» ከማለትህ በፊት

ሰላም ሰላም! እንዴት ናችሁ? ዛሬ ስለ ማሽን ነው የምናወራው። መጋዝ፣ ወፍጮ፣ ግራይንደር፣ የዳቦ ሊጥ ማቡኪያ። ማሽኑ ሠራተኛውን ሲጎዳው ካሳ የሚከፍለው ማነው?

ከሕጉ በፊት ግን ወደ ገጠር ልውሰዳችሁ። ተዋጊ በሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በልጅነቴ አያቴ ሰፈር አንድ ቦቃ በሬ ነበር። ሲያርስ ወደር የለውም። ሌላው በሬ ሁለት ቀን የሚፈጅበትን እሱ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ግን ይዋጋል! እኛ ልጆች ገና ከሩቅ ስናየው አጥር እንዘል ነበር።

እንግዲህ አስቡት። ባለቤቱ አራሽ ቀጠረ። በሬው አራሹን ወጋው። ሽማግሌ ተቀመጠ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ምንድነው? «ለምን ጀርባህን ሰጠኸው?» ነው? አይደለም። «በሬው የማን ነው?» ነው። እህሉ የሚገባው ወደ ማን ጎተራ ነው? የበሬውን ጉልበት የሚበላ ሰው የቀንዱንም ዕዳ ይሸከማል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም በአንቀጽ 2071 ይህንኑ ይላል። እንስሳው በድንገት ከባለቤቱ እጅ ቢያመልጥ እንኳ፣ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ። በሬው ተዋጊ መሆኑ ከታወቀ፣ ባለቤቱም ተነግሮት ካልጠበቀው፣ ፍርዱ ይከብዳል። ይቺን ያዙልኝ። እንመለስባታለን።

አሁን በሬውን አውጡና መጋዙን አስገቡ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 96። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ኃላፊ ነው። ጥፋት ባይኖርበትም! ልድገመው፣ ጥፋት ባይኖርበትም። በድርጅቱ ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የሚደርስ አደጋም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

ስለ ክፍያው ቶሎ ቶሎ ልበል፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ሕክምናው በአሠሪው ነው፤ ሰው ሠራሽ አካል ካስፈለገም ይጨመራል። መሥራት ሳትችሉ ለምትቆዩበት ጊዜ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ የሐኪሞች ቦርድ በመቶኛ ይወስናል። ጡረታም ኢንሹራንስም የሌለው ሠራተኛ ሙሉ በሙሉ መሥራት ካቃተው የዓመት ደመወዙ በ5 ተባዝቶ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ በመቶኛው ልክ ይሰላል። ለምሳሌ በወር 8,000 ብር ታገኛለህ እንበል። በዓመት 96,000፣ በ5 ሲባዛ 480,000። ቦርዱ 20 በመቶ ካለ 96,000 ብር ነው። የጡረታ ተሸፋኝ የሆነው ደግሞ የሚስተናገደው በጡረታ አዋጁ ነው፣ ስሌቱም ይለያል። እሱን ለብቻው በሌላ ቪዲዮ እሠራዋለሁ፤ እንዳያመልጣችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ።

አሁን ወደ ኮሜንቶቹ። ባለፈው ቪዲዮ ሥር አንድ ነገር ተደጋግሞ መጣ፣ አንብቤም አዘንኩ። አንድ ወንድማችን እንጨት ቤት ይሠራል። ክብ መጋዝ ሁለት ጣቱን ወሰደው። «እኔው ራሴ ተዘናግቼ ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ምን አፍ አለኝ?» ይላል። ከሥሩ ደግሞ ብዙ ሰው «ልክ ነህ» ብሎታል።

ልክ አይደለም! ወንድሜ፣ አፍ አለህ። ሕጉ አሠሪውን ነፃ የሚያወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ነው። አሠሪው አስቀድሞ በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ መጣስና፣ ሰውነቱን ወይም አእምሮውን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባትም በዚሁ ይታያሉ። መዘናጋት ግን እዚያ ውስጥ የለም። ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ የሚሠራ ሰው አንዳንዴ ይዘናጋል። ሰው ነዋ!

«በግልጽ» የምትለዋንም ልብ በሉ። «ሁልጊዜ ተጠንቀቁ እላቸዋለሁ» የሚሉ አሠሪዎች አሉ። ተጠንቀቁ ማለትና «ማሽኑ ሳይጠፋ እጅህን አታስገባ» ብሎ ለይቶ ማዘዝ ለእኔ አንድ አይደሉም።

ሌላዋ እህታችን ደግሞ «ጓንት ስላላደረገ ነው» ብላ ጽፋለች። ለመስታወትና ለትኩስ ብረት ጓንት ጥሩ ነው። የሚሽከረከር ነገር ላይ ግን ጓንቱ ራሱ ይያዝና እጅን ይዞ ይገባል። ወፍጮ ቤት ቺንጋው አጠገብ ነጠላና ሰፊ እጅጌ እንደሚያስፈራው ማለት ነው። እዚያ ሰው የሚያድነው የማሽኑ መከላከያ ክዳን ነው። ያንን ክዳን ማስገጠም ደግሞ የአሠሪው ሥራ ነው።

በሬዋን አስታወሳችኋት? ክዳኑ ተነቅሎ «ሥራ ያዘገያል» ተብሎ ጥግ የተጣለበት መጋዝ፣ ሠራተኛው ተናግሮም ማንም ያልሰማው፣ እሱ ተዋጊነቱ የታወቀ በሬ ነው። እንዲህ ሲሆን ሠራተኛው በአሠሪው ጥፋት ምክንያት በሌላ ሕግም ካሳ መጠየቅ እንደሚችል አንቀጽ 96 ራሱ በሩን ክፍት ትቶታል።

እና የእንጨት ቤቱ ወንድሜ፣ ይህን የምለው ላንተ ነው። የሕክምና ወረቀትህን ሰብስብ። አደጋው በጽሑፍ እንዲመዘገብ ጠይቅ። የመጋዙ ክዳን ተነቅሎ ከነበረ ሳይመለስ ፎቶ አንሳው፤ አብረውህ የነበሩትንም አነጋግር። «ሁሉንም ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ወረቀት ካመጡልህ፣ ሰው ሳታማክር እንዳትፈርም። ደግሞ ቶሎ በል፤ በመደበኛነት የሥራ ክርክር ጥያቄ በ1 ዓመት ይታገዳል። የት እንደደረስክ እዚሁ ሥር ጻፍልኝ፣ አነበዋለሁ።