የኔታ ፊርማ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። ስለ አካል ጉዳተኞች መብት ባሰብኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደ ቅኔ ቤት ይሄድብኛል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ሲባል ጎጃም ውስጥ የማያውቅ የለም። በነዚህ ጉባኤ ቤቶች ዓይነ ስውር ተማሪ ብርቅ አይደለም። ተማሪው ቀን ጥግ ይዞ ቅኔውን በልቡ ይቆጥራል፣ ማለትም ይደርሳል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩም ሰምቶ ያርመዋል። ከአጭሩ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ረዘም እስካለው መወድስ የሚዘልቀው እንዲህ ነው፤ የሚያየውም የማያየውም እኩል። ሲመረቅ ወንበር ተክሎ ያስተምራል፣ አገሩም «የኔታ» እያለ ጉልበት ይስማል። አዘኔታ የለበትም። ትምህርቱ በጆሮና በቃል ስለሚሄድ እሱን የሚያስቀር ደንቃራ የለውም።

እንዲህ ያሉ አንድ የኔታን አጅቤ ባንክ ሄጄ ነበር። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ እኔን እያየች «ምን ፈልገው ነው?» አለችኝ። እሳቸው አጠገቤ ቆመዋል። ገንዘቡ የሳቸው፣ ደብተሩም የሳቸው። «ልጄ፣ እኔን ጠይቂኝ» አሏት ቀስ ብለው። አንገቷን ደፋች። ቀጥሎ ግን «ምስክር ያስፈልጋል» መጣ።

በልጅቷ አልፈርድም። ነገሩ ሥር አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1728 ዓይነ ስውርንና ማንበብ የማይችልን ሰው አንድ ላይ ይጠራቸዋል። ፊርማቸው በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም ይላል። እንዳይታለሉ ታስቦ ነው፣ ይገባኛል። ግን ስንቱን ሊቅ ያወጡ መምህር ካልተማረ ሰው ጋር ተደርበው፣ በገዛ ገንዘባቸው ሞግዚት ሲፈለግላቸው ያንገበግበኛል። ይህ አንቀጽ መከለስ አለበት። ብሬል አለ፣ የሚያነብ ስልክ አለ።

ከዚያ ወዲህ የወጡት ሕጎች ደግሞ መልካም ናቸው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 568 የሥራ ፈተና ውጤቱ እኩል ወይም ተቀራራቢ ከሆነ አካል ጉዳተኛው ቅድሚያ ያግኝ ይላል። አድልዎ ደረሰብኝ ብሎ ክስ ሲያቀርብም የማስረዳቱን ሸክም ከሱ ላይ ያነሣል። ይህን ስንቱ ሥራ ፈላጊ ያውቃል? የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ፣ ቁጥር 624፣ የሕዝብ ሕንፃ በዊልቸር የሚገባበት መንገድ ይኑረው ብሏል። መጸዳጃ ቤቱንም አልረሳም። በ2002 ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አጽድቃለች።

ታዲያ ደረጃ ብቻ ያለው አዲስ ቢሮ ዛሬም ለምን ይመረቃል? እኔ የሚታየኝ፣ ፕላኑ ሲነደፍና በጀቱ ሲደለደል በዊልቸር የሚሄድ ሰው ከጠረጴዛው ዙሪያ ስለሌለ ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ ለአስተያየት ይጠራል። ያኔ ደግሞ መልሱ «በጀት የለም» ነው። መስማት የተሳናት እናት በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጣ፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከሌለ፣ «ተሳትፋለች» ተብሎ ስሟ ቃለ ጉባኤ ላይ መስፈሩ ምን ይረባታል?

አዲሱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። ወረዳችሁ ከዚያ በፊት በዕቅዱ ላይ ሲወያይ ሄዳችሁ ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። ለዊልቸር መወጣጫና ለምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ስንት ብር ተያዘ? ይህን ሲወስኑ ከአካል ጉዳተኞች ማን ነበር? የሚሰጧችሁን መልስ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል አነበዋለሁ።